ደረሰኙ ላይ የማይገጥመው ፐርሰንት እንዴት ተፈታ

ጥያቄው፦ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያለ ምግብ ቤት ለአንድ ጠረጴዛ የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ 10% ሰርቪስና 15% ቫት ጨምሮ 1,518 ብር አስከፈለ። ጭማሪው ሳይገባ ዋጋው ስንት ነበር?

ብዙ ተማሪ 10ንና 15ን ደምሮ ከ1,518 ላይ 25% ይቀንሳል፤ 1,138.50 ይመጣል። ጭማሪውን መልሰው ሲያሰሉበት ግን 1,440 ብር ገደማ ላይ ይቆማል። ፐርሰንቱ የታሰበው ጭማሪው ከመግባቱ በፊት ባለው ዋጋ እንጂ በጠቅላላው አይደለማ! ሌላው ስህተት ደግሞ ድብቅ ነው፦ ቫቱ የሚሰላው ሰርቪሱ ከተጨመረ በኋላ ስለሆነ ሁለቱ አይደመሩም፣ ይባዛሉ።

መነሻውን «ሀ» እንበለው። ከሰርቪስ ጋር 1.10ሀ፣ ከቫት ጋር 1.15 × 1.10ሀ = 1.265ሀ።

1.265ሀ = 1,518
ሀ = 1,518 ÷ 1.265 = 1,200 ብር

ማረጋገጫ፦ 1,200 + 120 = 1,320፤ የዚህ 15% 198፤ ድምሩ 1,518።

ሁለቱን ፐርሰንት ደምሮ 1,518ን ለ1.25 ማካፈል 1,214.40 ይሰጣል። ተንኮለኛው ይሄ ነው፤ ልዩነቱ 14 ብር ከ40 ብቻ ስለሆነ ምርጫ ባለው ፈተና ላይ ትክክል ይመስላል። ደረሰኙ ቫት ብቻ ካለው ለ1.15 ማካፈል ይበቃል።