ከትኩሳት በኋላ አንድ እግር ብቻ ካበጠ

ምልክቱ

ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የሚኖሩ አንዲት ጎረቤቴ የሳንባ ምች ይዟቸው ሳምንት ሙሉ ተኙ። ትኩሳቱ ለቀቅ ሲያደርጋቸው የግራ ባታቸው አበጠ። ወሩ ሰኔ ነው፣ የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። «ሙቀቱ ነው ልጄ፣ ሁሌም እግሬን ያሳብጠኛል» አሉኝ።

ሁለቱን እግር ጎን ለጎን አድርጌ አየሁ። ቀኙ እንደወትሮው ነው። ግራው ግን ተወጥሮ ያብረቀርቃል፣ ሲነካ ይሞቃል፣ በጣቴ ጫን ሳደርገው ጎድጉዶ ይቀራል። ሙቀት ቢሆን ሁለቱንም ነበር የሚያሳብጠው። በድንገት አንዱ ብቻ ካበጠና ካመመ የደም መርጋት ጠርጥሩ።

ምክንያቱ

ብዙ መተኛትና ውሃ ማነስ ደምን ያዘገያሉ፤ ይሄን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው የራሳችን መከላከያ የሚሠራውን ነው። የደም ስር የውስጥ ግድግዳ ጤነኛ ሲሆን ልስልስ ነው፤ ምንም አይለጠፍበትም። ኢንፌክሽን ሲገባ ግን ይቆጣና ነጭ የደም ሴሎችን ይዞ ያስቀራል። ከነሱ መሀል ሞኖሳይት የሚባሉት ቲሹ ፋክተር የተባለ ፕሮቲን ያወጣሉ። ደም እንዲረጋ የሚያዘው እሱ ነው። ኒውትሮፊሎች ደግሞ የራሳቸውን ዲኤንኤ አውጥተው እንደ መረብ ይዘረጉታል። ይህ መረብ የታወቀው በ2004 እንደ ፈረንጆች ነው። የሚዘረጋው ጀርም ለማጥመድ ነው፤ ግን ፕላትሌት የሚባሉት ደም አርጊ ትንንሽ ሴሎችና ቀይ የደም ሴልም ይጠመዱበታል። ትንሽ ሲሆን ጀርሙ እንዳይዛመት ያግዳል፤ ሲበዛ የደም ስሩን ይዘጋል። ትኩሳቱ ካለፈ በኋላም አደጋው ወዲያው አያልፍም።

መፍትሄው

አቦ፣ እግሩን እንዳታሹት! የጎረቤቴ ልጅ ወጌሻ ሊጠራ ስልኩን አንስቶ ነበር። የረጋው ደም ተፈንቅሎ ሳንባ ውስጥ ሊሰካ ይችላል። ድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ ሲተነፍሱ ደረት ከወጋ ወይም ደም ካሳለ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂዱ። እነዚህ ባይኖሩም በዚያው ቀን ታዩ። እግሩ በአልትራሳውንድ ይታያል።

ሕክምናው ብዙ ጊዜ በሄፓሪን መርፌ ይጀመርና እንደ ዋርፋሪን ባለ ኪኒን ይቀጥላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 3 ወር። መድኃኒቱ የረጋውን አያሟሟም። እንዳይጨምር ይይዘዋል፣ ቀስ በቀስ የሚያጸዳው ሰውነት ራሱ ነው። ስለዚህ እብጠቱ ጎደለ ብላችሁ አታቋርጡ።

ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ለወገቡም ለጥርሱም ብሎ ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ አይግዛ፣ ያደማል። ጎመን መብላት ይቻላል፤ መጠኑ ግን ከሳምንት ሳምንት አይዘበራረቅ፣ ጎመን ሲበዛ የመድኃኒቱ ጉልበት ይቀንሳል። ጎረቤቴ አሁን ረቡዕና አርብ አንድ አንድ ጭልፋ ጎመን ይበላሉ፣ የደም ምርመራ ቀጠሯቸውን ደግሞ ፍሪጁ ላይ ለጥፈውታል።