ከመቅኔ ንቅለ ተከላ በኋላ ምን እንከታተል?

ወንድሜ ህንድ ሄዶ የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ ሲደረግለት ለጋሿ እኔ ነበርኩ። በ24ኛው ቀን መዳፉ በርበሬ የነካው መስሎ ቀላ። የእኔ ሴሎች የእሱን ገላ ባዕድ ብለው ማጥቃት ጀምረው ነበር።

እናንተም በተለይ የመጀመሪያዎቹን 100 ቀናት መዳፍና ውስጥ እግሩን እዩ፤ ዓይኑ ቢጫ እንዳይሆን ተከታተሉ። ተቅማጡን በጆግ ለክታችሁ ጻፉ። «ብዙ ነው» ማለት ለሐኪም አይበቃም።

የለጋሽ ሴሎች የሚያደርሱት የዚህ ጥቃት ደረጃ ከ1 እስከ 4 ነው። ቆዳ ላይ ብቻ ሲቀር ተስፋው ጥሩ ነው፤ አንጀትና ጉበት ከያዘ ይከብዳል። መጀመሪያ ስቴሮይድ የሚባል፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያበርድ መድኃኒት ይሰጣል፤ መሥራት አለመሥራቱ በሳምንት ገደማ ይለያል። እምቢ ካለ ሩክሶሊቲኒብ የሚባል መድኃኒት አለ።

ደብረ ማርቆስ ስንመለስ ጎረቤታችን እትዬ ጠላ ይዘው መጡ። እጃቸውን ስሜ መለስኩት። ስቴሮይዱ መከላከያውን ስላዳከመው እሳት ላይ ያልፈላ ነገር አላስነካውም። ተሻለው ብላችሁም መድኃኒቱን በድንገት አታቁሙ፤ ቀስ በቀስ የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው። ትኩሳት ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ሂዱ።