ውሃ ሳይመጣ ፓምፑን መፈተን፦ የሃርድዌር ሲሙሌሽን በተርሚናል እንዴት እንደሚሠራ

አዘዞ አጎቴ ቤት ጣሪያ ላይ ሮቶ አለ። ግቢው ውስጥ ደግሞ ውሃውን ከቧንቧ ወደ ሮቶው የሚገፋ ፓምፕ አለ። ውሃ በተራ ነው የሚመጣው፣ ተራው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌሊት ላይ ይውላል፤ ስለዚህ አንድ ሰው ተነስቶ ፓምፑን ማብራት፣ ከዚያ ጋቢ ተከናንቦ ሮቶው እስኪሞላ መጠበቅ አለበት። ያ ሰው እኔ ነኝ። ሲበዛብኝ ፓምፑን በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ትንሽ ዲጂታል ሰርኪት ልሠራ ተነሳሁ። ሰርኪቱን የምጭንበት ቦርድ የለኝም። ያለኝ ያረጀ ላፕቶፕ ነው፣ ለመጀመር ግን እሱ ይበቃል።

አጎቴ ስክሪኑን አዩና «አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ውሃ የሚቀዳው መቼ ነው?» አሉኝ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ በውሸት ነው የሚቀዳው» አልኳቸው።

ሲሙሌሽን ይኸው ነው። ሰርኪቱን በጽሑፍ ትገልጹታላችሁ፣ ሲሙሌተሩ ደግሞ ናኖሴኮንድ በናኖሴኮንድ እየቆጠረ ሰርኪቱ ምን እንደሚያደርግ ይነግራችኋል። የምንጽፍበት ቋንቋ ቬሪሎግ ይባላል። ሲያዩት ፕሮግራም ይመስላል፣ ግን ብሎኮቹ ሁሉ ባንዴ ነው የሚሠሩት፤ እውነተኛ ሽቦ ተራ አይጠብቅማ።

መጀመሪያ መጫን

የቦርድ አምራቾች የሚሰጡት ሙሉ ሶፍትዌር በአስር ጊጋባይቶች የሚቆጠር ነው። ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብላችሁ በዋይፋይ ለማውረድ ብትሞክሩ ካፌው ይዘጋባችኋል። የምንጠቀምበት ሲሙሌተር፣ ኢካሩስ ቬሪሎግ፣ ግን ነጻ ነው፣ ራሱ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው፣ መብራት ጠፍቶ በባትሪ ስትሠሩም አያስቸግርም። ኡቡንቱ (ሊኑክስ) ላይ ተርሚናሉን፣ ማለትም ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ክፈቱና «ሱዶ አፕት ኢንስቶል አይቬሪሎግ ጂቲኬዌቭ» ብላችሁ ጻፉ። ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ ሊኑክስን ዊንዶውስ ውስጥ የሚያስኬደውን ደብሊው ኤስ ኤልን ጭናችሁ እዚያ ውስጥ ይህንኑ አድርጉ። እዚህ ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የምጽፋቸው፤ ተርሚናሉ ላይ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ጻፏቸው።

ከዚያ ዲዛይኑ

ሁለት ፋይል ያስፈልጋል። አንደኛው ዲዛይኑ ነው፣ ፓምፕ.ቪ እንበለው። ከክሎክ (በእኩል ጊዜ 0ና 1 እየሆነ ምት የሚሰጥ ሲግናል) እና ከሪሴት (ሰርኪቱን ወደ መነሻው የሚመልስ) ሌላ ሦስት መግቢያ አለው፦ «ታች»፣ «ላይ» እና «ቧንቧ»። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሮቶው ውስጥ ያሉ ሴንሰሮች ናቸው፣ ውሃ ሲነካቸው 1 ይሆናሉ። ሦስተኛው ቧንቧው ውስጥ ውሃ ካለ 1 ነው። መውጫው አንድ ብቻ ነው፣ ፓምፑ። ታችኛው ሴንሰር ሲደርቅና ቧንቧው ውሃ ሲኖረው ፓምፑ ይበራል። ላይኛው ሲረጥብ ወይም ቧንቧው ሲደርቅ ይጠፋል፤ ውሃ ሳይኖር የሚዞር ፓምፕ ይቃጠላል። በመሃል ከሆነ በነበረበት ይቀጥላል። ይህ «በነበረበት ይቀጥላል» የሚለው ቁም ነገር ነው፤ አንድ ሴንሰር ብቻ ቢሆን ውሃው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ፓምፑ ብልጭ ድርግም ይላል።

እዚህ ላይ ምን እንደሠራሁ ልንገራችሁ። መጀመሪያ «ታች ከደረቀ አብራ» የሚለውን ጻፍኩ፣ «ላይ ከረጠበ አጥፋ» የሚለውን በ«ካልሆነ» ከሥሩ አስከተልኩ። ትክክል ይመስላል። ግን ታችኛው ሴንሰር ተበላሽቶ ሁልጊዜ 0 ቢያሳይስ? ሮቶው ሞልቶም ዲዛይኑ «ታች ደርቋል» ብሎ ያበራል፣ የማጥፊያው መስመር ጋ ደግሞ አይደርስም። ውሃው ጣሪያውን አልፎ ጎረቤት ይወርዳል። ማጥፊያዎቹን ከላይ አድርጓቸው። ይህንን ያገኘሁት ሲሙሌሽኑ ላይ ነው፣ ጎረቤት ላይ አይደለም።

ቴስት ቤንቹ ጋ ጊዜ አጥፉ

ሁለተኛው ፋይል ቴስት ቤንች ነው፣ ቴስት.ቪ። ሰው ሁሉ ዲዛይኑን በጥንቃቄ ይጽፍና ይህኛውን ይለብጠዋል፣ እኔ ግን ሥራው ያለው እዚህ ነው ባይ ነኝ። ቴስት ቤንቹ ውሃውን፣ ቧንቧውንና ሴንሰሩን ሆኖ ይተውናል። ከላይ የጊዜ መለኪያውን 1 ናኖሴኮንድ አድርጉ። ክሎኩን በየ5ቱ ናኖሴኮንድ ገልብጡት፣ ሙሉ ዙሩ 10 ይሆናል። ሪሴቱን ለሁለት ዙር ያህል ያዙትና ልቀቁት። ሪሴት ከረሳችሁ ፓምፑ 0ም 1ም ሳይሆን ኤክስ ይሆናል፣ ማለትም ሲሙሌተሩ «እኔም አላውቅም» እያላችሁ ነው።

ከዚያ ታሪኩን ተርኩለት፦ ሮቶው ባዶ፣ ውሃ መጣ፣ ታችኛው ረጠበ፣ ላይኛው ረጠበ፣ ውሃ ሄደ፣ ሰው ልብስ አጠበ፣ ውሃው ቀነሰ። እየሞላ እያለ ውሃ የሚሄድበትን ሌሊትም አትርሱ። መግቢያዎቹን ስትቀይሩ ክሎኩ ሲወድቅ (ከ1 ወደ 0 ሲሄድ) ቀይሩ እንጂ ሲነሳ (ከ0 ወደ 1 ሲሄድ) አትቀይሩ፤ ዲዛይኑ የሚያነበው ሲነሳ ስለሆነ ሁለቱ ከተገጣጠሙ ማን እንደሚቀድም ዋስትና የለም።

እያንዳንዱ ክፍል ሲያልቅ ፓምፑ መሆን ያለበትን መሆኑን ቴስት ቤንቹ ራሱ ያረጋግጥ፣ ካልሆነ በዶላር ምልክት በሚጀምረው «ዲስፕሌይ» ትዕዛዝ ስህተቱን ይጻፍ። እዚህ ጋ አንድ መዘዘኛ ነገር አለ። «እኩል አይደለም» ለማለት አንድ ቃለ አጋኖና አንድ እኩል ምልክት ብቻ ካደረጋችሁ፣ ፓምፑ ኤክስ ሲሆን የንጽጽሩ ውጤትም ኤክስ ይሆናል፣ «ከሆነ» የሚለው ደግሞ ኤክስን እንደ ሐሰት ያየዋል። ስለዚህ ስህተቱ እያለ ፈተናው ጸጥ ብሎ ያልፋል። ቃለ አጋኖና ሁለት እኩል ምልክት አድርጉ። ይህቺን ሳላውቅ ሁለት ቀን «ሁሉም አለፈ» እያልኩ ስደሰት ነበር።

መጨረሻ ላይ በዶላር የሚጀምረውን «ፊኒሽ» አስገቡ። ክሎኩ ለዘላለም ነው የሚዞረው፣ አቁም የሚለው ከሌለ ሲሙሌሽኑም አያቆምም። እኔ ይህን ረስቼ ለምሳ ወጣሁ፣ ስመለስ የሞገድ ፋይሉ፣ ማለትም የሲግናሎቹ መቀያየር የሚመዘገብበት፣ የላፕቶፑን ዲስክ ጠቅጥቆታል። ከገጠማችሁ ኮንትሮልና ሲ ተጫኑ፣ በሚመጣው መጠየቂያ ላይ «ፊኒሽ» ብላችሁ ጻፉ።

አሁን ማስኬድ

ኮምፓይል (ሁለቱን ፋይሎች «ሲም» ወደሚባል ሊሄድ የሚችል ፋይል መለወጥ)፦ «አይቬሪሎግ -ጂ2012 -ዎል -ኦ ሲም ቴስት.ቪ ፓምፕ.ቪ»። የ«ዎል» የመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ትልቋ ደብሊው ናት። 2012 የተባለው የቋንቋውን የ2012 ቅጂ፣ ሲስተምቬሪሎግን፣ እንዲቀበል ነው። «ዎል» ማስጠንቀቂያዎቹን ያሳያል፣ አትዝለሉት፤ ቴስት ቤንቹ ውስጥ ዲዛይኑን ስታገናኙ ከሽቦ ስም አንድ ፊደል ብትስቱ ቬሪሎግ አይቆጣም፣ በዚያ ስም አዲስ ባለ አንድ ቢት ሽቦ ፈጥሮ ዝም ይላል። ፓምፑ የትም ያልተገናኘ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ማስኬጃ፦ «ቪቪፒ -ኤን ሲም»። ኤን ስታደርጉ ኮንትሮልና ሲ ሲጫን መጠየቂያ ውስጥ ሳይገባ በቀጥታ ይወጣል። ሁለቱን ትዕዛዞች አንድ መስመር ላይ በሁለት የ«እና» ምልክት (&&) አያይዟቸው። ኮምፓይሉ ካልተሳካ ሁለተኛው አይጀምርም፤ ለየብቻ ከጻፋችኋቸው ግን ትናንት የተሠራውን ሲም አስኬዳችሁ «ያስተካከልኩት ለምን አልተስተካከለም» እያላችሁ ትደርቃላችሁ።

ስህተት ከተጻፈ ብቻ ወደ ሞገዱ ሂዱ። ቴስት ቤንቹ ውስጥ በዶላር የሚጀምሩትን «ደምፕፋይል» እና «ደምፕቫርስ» አስገብታችሁ ከሆነ የሞገድ ፋይል ይወጣል፣ በጂቲኬዌቭ ክፈቱት። ኤክስ ያለበት ቦታ በቀይ ይታያል። ፋይሉ ከተነፋ በቪቪፒው ትዕዛዝ ከሲም በኋላ «-ኤፍኤስቲ» ጨምሩ፣ በጣም ይቀንሳል።

ቦርድ ስትገዙ አንድ ነገር ይቀየራል። ብዙ ቦርዶች ላይ ክሎኩ 50 ሜጋኸርዝ ነው፣ ስለዚህ «ሴንሰሩ ለ2 ሴኮንድ ሳይዋዥቅ ከቆየ ብቻ እመነው» ማለት 100 ሚሊዮን ዙር መቁጠር ነው። ሲሙሌተሩ ይቆጥረዋል፣ እናንተ ግን ቡና አፍልታችሁ ሦስተኛውን ትደርሳላችሁ። ቁጥሩን ፓራሜትር፣ ማለትም ዲዛይኑን የሚጠራው ሊቀይረው የሚችል እሴት፣ አድርጉት፣ ነባሪውን 100 ሚሊዮን ተዉት፣ ቴስት ቤንቹ ዲዛይኑን ሲጠራ 5 ብሎ ይስጠው። ሎጂኩ ያው ነው፣ ውጤቱ ግን ዓይን ሳይጨፈን ይመጣል።