ጀርመን የነርሲንግ አውስቢልዱንግ (የሙያ ስልጠና) የጀመራችሁ፦ ከተግባር ምደባው ሙያ ይዛችሁ የምትወጡበት መንገድ

አውስቢልዱንጉ ሶስት አመት ነው፣ ትምህርት ቤት የምትቀመጡት 2100 ሰዓት ሲሆን ስራ ቦታ የምትውሉት ግን 2500 ሰዓት ነው። ማለትም ከግማሽ በላዩን የምትማሩት ክላስ ውስጥ ሳይሆን ታካሚ አልጋ አጠገብ ቆማችሁ ነው። ግን ሰው ለጀርመንኛ ቋንቋ ቢ2 ፈተና የተጨነቀውን ያህል ለዚህ ለ2500 ሰዓት ሲጨነቅ አላይም፣ ስድስት ኪሎ ጎቴ ኢንስቲትዩት ተመላልሶ ሰርተፍኬቱን ከያዘና ቪዛው ከወጣለት በኋላ የቀረው በጉልበትና በጥሩ ጸባይ የሚያልፍ ይመስለዋል። ጉልበቱም ጸባዩም አያስፈልግም አልልም። ግን የኛን ልጆች ወደኋላ ሲያስቀራቸው የማየው ስንፍና አይደለም፣ ዝምታ ነው። ዝም አይነቅዝም የሚለው ተረት እዚህ ስራ ላይ አይሰራም፣ እዚህ ዝም ያለ ተማሪ ወይ አልገባውም ወይ ግድ የለውም ተብሎ ነው የሚያዘው።

መጀመሪያ አሰራሩን እወቁት። ከ2020 ጀምሮ የሆስፒታል ነርስ፣ የህጻናት ነርስና የአረጋውያን እንክብካቤ የሚባሉት ሶስቱ ሙያዎች አንድ ላይ ተጠቃለዋል፣ ስለዚህ አንድ ቦታ ተቀምጣችሁ አትጨርሱም፣ ትዞራላችሁ። ኮንትራት የፈረማችሁበት ቦታ 400 ሰዓት መለማመጃ አለ፣ ከዛ ሆስፒታል 400፣ የአረጋውያን መኖሪያ የሆነው አልተንሃይም 400፣ ቤት ለቤት እየሄዱ የሚሰሩበት አምቡላንተ ፍሌገ 400፣ ህጻናትና ሳይካትሪ ደግሞ አጠር ያሉ ናቸው። በየጥቂት ወሩ አዲስ ቲም፣ አዲስ ኮምፒውተር፣ አዲስ የመጋዘን ቁልፍ፣ አንዱን ገና ስትለምዱት ወደሌላው ትላካላችሁ። ይሄ ብዙ ሰው ያማርራል እኔ ግን ትልቁ ትምህርት እሱ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም አዲስ ሰው ሆኖ ቶሎ መግባባት ራሱ ሙያ ነው።

ከመጀመሪያው ቀን በፊት ያሉትን ነገሮች ቶሎ ልለፋቸው። የኩፍኝ ክትባት ማስረጃ ግዴታ ነው፣ ሄፓታይተስ ቢም ጨርሱ። ጥፍር አጭር፣ ቀለም የለ፣ ሰው ሰራሽ ጥፍር የለ፣ ቀለበት ሰዓት አምባር አውልቃችሁ፣ የጋብቻ ቀለበትም ጭምር። እጅ ላይ የሚደረገው ዲስኢንፌክሽን 30 ሰከንድ ነው፣ አውራ ጣትና የጣት ጫፍ እንዳትረሱ ሁሉም ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ኪስ የምትገባ ትንሽ ደብተር ያዙ ግን የታካሚ ስም አትጻፉበት። እና በናታችሁ ቲክቶክ! ዩኒፎርም ለብሶ ኮሪደር ላይ መቅረጽ፣ ከኋላ አንዲት አሮጊት በዊልቸር እያለፉ… የሙያ ሚስጥር መጠበቅ እዚህ ሀገር በወንጀለኛ ህግ ያለ ነገር ነው እንጂ የአለቃ ቁጣ ብቻ አይደለም፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ደግሞ የሙከራ ጊዜ ናቸው።

አንደኛው ሳምንት ላይ ከፕራክሲስአንላይተራችሁ ጋር፣ ማለትም ስራ ቦታ ላይ እናንተን እንዲያስተምር ከተመደበው ነርስ ጋር፣ የመግቢያ ንግግር ይኖራችኋል። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው እድሉን የሚያባክነው። ምን መማር ትፈልጋለህ ሲባል "ብዙ ነገር መማር እፈልጋለሁ" ይላል፣ በቃ፣ አለቀ። እንደዛ ስትሉ ማንም ምንም አያስተምራችሁም፣ ቁርስ ስታከፋፍሉና አልጋ ስታነጥፉ ትከርማላችሁ። ይልቅ ቀድማችሁ ቁጭ ብላችሁ ሁለት ሶስት የሚጨበጥ ነገር ጻፉ። ለምሳሌ የአልጋ ቁስል የሚያሰጋቸውን ሰው ቆዳ ራሴ አይቼ ገምግሜ አገላበጡን ራሴ እንዳቅድ፣ ኢንሱሊን አሰጣጡን አይቼ ከዛ ከጎኔ ተሁኖ ራሴ እንድሰራ፣ የሁለት ሰው ሙሉ ጠዋት እኔ ይዤ በኡበርጋበ (የፈረቃ ርክክብ) ላይ ራሴ እንዳቀርብ። ይሄን ወረቀት ላይ ስታቀርቡ የሰውየው ፊት ራሱ ይቀየራል፣ እሱም እኮ ምን እንደሚያስተምራችሁ ሲጨነቅ ነበር።

መብታችሁንም እወቁ፣ በህጉ መሰረት ከተግባር ሰዓታችሁ ቢያንስ 10 በመቶው ታቅዶ የሚሰጥ ስልጠና መሆን አለበት። 400 ሰዓት ላይ 40 ሰዓት ማለት ነው። ቀኑን ዲንስትፕላኑ (የፈረቃ ፕሮግራሙ) ላይ ጻፉልኝ ብላችሁ ጠይቁ፣ በትህትና፣ ግን ጠይቁ። ሰው ስለሌለ ተብሎ አንዴ ሁለቴ ይሰረዝ ይሆናል ያጋጥማል፣ ሁሌ ከተሰረዘ ግን የቀረባችሁን ቀን እየጻፋችሁ ከትምህርት ቤት መጥታ ለምትጎበኛችሁ አስተማሪ አሳዩ። ይሄ ክስ አይደለም፣ የሷ ስራ ነው። ሰራተኛ የጎደለበት ቤት ውስጥ ተማሪን እንደ ርካሽ ጉልበት መጠቀም አለ፣ አንደኛ አመት ሆናችሁ ብቻችሁን አንድ ኮሪደር ከተሰጣችሁ አድናቆት እንዳይመስላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ "ያ" (አዎ) ስለማለት። እኛ ትልቅ ሰው ሲያዘን ባይገባንም እሺ እንላለን፣ ደግሞ አስቸገርኩ እንዳይሆን የሚል ይሉኝታ አለ፣ በዛ ላይ ነርሷ በባየርን ወይ በሽዋቢሽ ዘዬ እየተናገረች በፍጥነት ስታወራ ከጎቴው ጀርመንኛ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ "ያ፣ ያ" ብለን እንሄድና ግማሹን በግምት እንሰራለን። እነዚህን አረፍተ ነገሮች አፋችሁ እስኪለምድ ተለማመዷቸው፦ "ካነን ዚ ዳስ ቢተ ኖኽ አይንማል ዛገን?" እንደገና ይበሉልኝ ነው። "ዳስ ሃበ ኢኽ ኖኽ ኒኽት ገለርንት" ይሄን ገና አልተማርኩም፣ ይቺ ሁለተኛዋ ወርቅ ናት፣ ያልተማራችሁትን ነገር በተለይ መድሃኒትና መርፌ ብቻችሁን አትሰሩም። ሌላው ደግሞ የሰማችሁትን ደግማችሁ መናገር ነው፣ "ስለዚህ ክፍል 12 ያሉትን ከቁርስ በፊት ስኳራቸውን ልለካ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከጠዋቱ 9 ሰዓት በፊት አላነሳቸውም፣ ትክክል ነኝ?" እንደዛ ስትሉ ቀሽም አያስመስላችሁም፣ የሚታመን ሰው ያስመስላችኋል።

ለምሳሌ ማታ ላይ አንድ ባልደረባ ሰውየው እየተነሱ ስላስቸገሩ የአልጋውን ሁለት ጎን ብረት ከፍ አድርግ ቢላችሁ፣ ዝም ብሎ ማድረግ የለም። ሰውየው ራሳቸው ካልፈለጉት ወይም መፍቀድ የማይችሉ ከሆነ ያ ነጻነት መንፈግ ስለሆነ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል። "ፈቃዱ አለ ወይ?" ብሎ መጠየቅ በቂ ነው፣ በጥሩ ድምጽ።

ሁለተኛው ትልቅ ችሎታ ማየትና መናገር ነው። በየፈረቃው መጨረሻ ኡበርጋበ አለ፣ የተረኛው ቡድን ለሚገባው ቡድን የሚያስረክብበት። እዛ ላይ "ፍራው ኤም ዛሬ ደህና አይደሉም" ካላችሁ ምንም አላላችሁም። እንዲህ በሉት፦ ፍራው ኤም ትላንት ቁርሳቸውን ጨርሰው ነበር ዛሬ ግማሽ ዳቦ ብቻ ነው የበሉት፣ ከጠዋት ጀምሮ የጠጡት 200 ሚሊ ነው፣ ሽንታቸው ጠቆር ብሏል፣ ሲነሱ ዞረብኝ ብለዋል፣ ግፊታቸው 95 በ60 ነው። ይሄኔ ነርሷ ብዕሯን ታነሳለች። ሰውነታቸው ውሃ አጥቶ ሊሆን ስለሚችል የመጠጥ መቆጣጠሪያ ወረቀት ይከፈታል፣ ሀኪም ይደወላል። ጀርመንኛችሁ ሰዋሰው ቢሳሳትም ግድ የላችሁም፣ "ዴር ዲ ዳስ" የሚባሉትን የስም ጾታ መለያዎች የሚያጠፋ ግን ቁጥሩንና ያየውን በትክክል የሚናገር ተማሪ ከሁሉም በላይ ይፈለጋል። ግምታችሁንና ያያችሁትን ብቻ አትቀላቅሉ፣ "ተናደዱ" ሳይሆን "ሳህኑን ገፍተው ፊታቸውን አዞሩ" በሉ።

አስተዳደጋችን እዚህ ስራ ላይ ሲጠቅመንም ሲጎዳንም አያለሁ። አሮጊት ሲያዩ ብድግ ማለት፣ ቀስ ብሎ ማውራት፣ እጅ መያዝ፣ ይሄ ከኛ ጋር የመጣ ነው፣ ሽማግሌዎቹም ወዲያው ያውቁታል። ጉዳቱ ደግሞ ሁሉንም እኛ ልናደርግላቸው መፈለጋችን ነው። እናቴ ዕድሜ ያላቸው ሰው ማንኪያ ይዘው ሲንቀጠቀጡ ካየች አጉርሳ ነው የምትገላገለው። እዚህ ግን ትምህርቱ ሰውየው የሚችሉትን ራሳቸው እንዲያደርጉ ማገዝ ነው፣ ምክንያቱም ለሶስት ሳምንት ፊታቸውን ካጠባችሁላቸው በአራተኛው ሳምንት ራሳቸው መታጠብ ይተዋሉ። አደራረጉ እንዲህ ነው፦ ጨርቁን ለብ ባለ ውሃ ነክራችሁ ጨምቃችሁ እጃቸው ላይ ታደርጋላችሁ፣ ክርናቸውን ከስር ትደግፋላችሁ፣ እጃቸውን ወደ ጉንጫቸው ጀመር ታደርጉላቸውና ትለቃላችሁ። ከዛ ትጠብቃላችሁ። ያ መጠበቅ ከባድ ነው፣ ሌላ ስድስት ሰው እየጠበቀ አምስት ደቂቃ ቆሞ ማየት ያሳብዳል፣ ግን ትዕግስት የሚባለው ጸባይ የሚሰራው እዛ ጋ ነው። እና አይን አይናቸውን እዩ፣ እኛ ትልቅ ሰው ፊት አንገት መድፋት አክብሮት ነው፣ እዚህ ግን ስራውን ያልወደደ ሰው ነው የምትመስሉት። አጠራሩ ሁሌም በ"ዚ" (እርስዎ) ነው፣ የቱንም ያህል ብትላመዱ አንቺ አንተ የለም።

ዲሜንሺያ (የመርሳት በሽታ) ያለባቸው ጋ ደግሞ ማረም አቁሙ። የ88 አመት አሮጊት ኮታቸውን ለብሰው እናቴ ትጠብቀኛለች ቤቴ ልሂድ ሲሉ እናትዎ እኮ ሞተዋል ማለት በየቀኑ አዲስ መርዶ መንገር ነው። ናኦሚ ፋይል የጀመረችው ቫሊዳሲዮን የሚባለው ዘዴ የሚለው ስሜታቸው ጋ ግቡ ነው፣ "እናትዎን በጣም ይወዷቸዋል፣ ምን ይሰሩ ነበር?" እያላችሁ አብራችሁ ኮሪደሩን ተራመዱ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዙር ሳትጨርሱ ኮታቸውን ያወልቃሉ። ሁሌ አይሰራም፣ አንዳንድ ቀን እስከ ማታ በሩ ጋ ነው።

ስድብም ይመጣል። ጥቁር እንዳይነካኝ የሚሉ አሉ፣ አንዳንዱ በሽታው ነው አንዳንዱ ግን ሰውየው ድሮም እንደዛ ነበር። ሆድ ይፍጀው ብላችሁ ቤት ይዛችሁት አትሂዱ። ሰውየው ደህና ሁኔታ ላይ መሆናቸውን አረጋግጣችሁ ውጡ፣ የዛኑ ቀን ለአለቃ ንገሩ፣ የተባለውን ቃል በቃል አጽፉ። ጥሩ አለቃ ገብቶ ያናግራቸዋል፣ ትከሻውን ነቅንቆ የሚተዋችሁ ካጋጠማችሁ ለትምህርት ቤቱ።

ሞትም አለ፣ በተለይ አልተንሃይም። መጀመሪያ የምታዩት ሬሳ ከሆነ ብቻዬን አልገባም ማለት ትችላላችሁ፣ ማንም አይታዘባችሁም። እዚህ ለቅሶ የለም፣ መስኮት ይከፈታል፣ ሻማ ይበራል፣ ሰውነታቸው ይታጠባል፣ ከዛ ምሳ ይከፋፈላል። ማልቀስ ከፈለጋችሁ መጸዳጃ ቤት ገብታችሁ አልቅሱ፣ ከባልደረባ ጋርም አውሩ፣ ለኔ የሰራልኝ ሟቿን አብራኝ ካጠበችው ነርስ ጋር ስለሴትየዋ አስቂኝ ነገር ማውራት ነበር።

ምደባው ሲያልቅ የመዝጊያ ንግግርና በጽሁፍ ግምገማ ይሰጣችኋል። ከመግባታችሁ በፊት የመጀመሪያ ሳምንት የጻፋችሁትን ወረቀት አውጡና የቱን እንደሰራችሁ የቱ እንደቀረ ራሳችሁ ምልክት አድርጉ። "ጥሩ ነች፣ ፈገግተኛ ነች" ብቻ ከተጻፈ ምን እንደምትችሉ በዝርዝር እንዲጨመር ጠይቁ፣ ለምሳሌ ስንት ሰው ራሳችሁ ችላችሁ እንደያዛችሁ፣ ምክንያቱም የመጨረሻው የተግባር ፈተና ላይ ቢያንስ ሁለት ሰው ይዛችሁ ነው የምትፈተኑት። የሰዓት መቁጠሪያ ወረቀታችሁንም እዛው አስፈርሙ። ከሁለት ወር በኋላ ፈርሙልኝ ብሎ መመለስ ጣጣ ነው፣ ያቺ ነርስ ስራ ቀይራ ልትጠብቃችሁ ትችላለች። ከዛ ኮፒውን ለሚቀጥለው ቦታ አንላይተር የመጀመሪያ ቀን ስጡት፣ የቀረው ነገር ከዛ ይጀምራል።