አዲስ የተተከለ አቮካዶ በግንቦት ፀሐይ ሲጠወልግ፦ ችግርና መፍትሄ

ከሚሴ፣ መርሳ፣ ጊራናና ቆቦ አካባቢ ባለፈው ክረምት የተተከለ አቮካዶ ክፉ ወራቱ ግንቦትና ሰኔ ናቸው። በልጉ አልቋል፣ ክረምቱ አልገባም፣ ሥሩም ከጉድጓዱ ብዙ አልራቀም። ቅጠሉ በተኛ ቁጥር ውሃ ማፍሰስ ግን ስንቱን ችግኝ ፈጀ! አስቀድማችሁ አፈሩን እዩ።

ቀን ተኝቶ ማታ የሚነሳ፦ 8 ሰዓት ላይ ጠውልጎ ምሽት 12 ሰዓት ከተመለሰ፣ ቅጠሉ የሚያተነውን ያህል ሥሩ መሳብ አቅቶት ነው። አፈሩ እርጥብ ከሆነ የሚሻው ጥላ ነው። በስተምዕራብ የማሽላ አገዳ አቁሙለት፤ የጠዋቱን ፀሐይ ግን ይሙቅ።

ጠዋትም እንደተኛ የሚገኝ፦ ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቃችሁ፣ ሥር እንዳትቆርጡ ተጠንቅቃችሁ 15 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩና አፈሩን ጨብጡ። እጃችሁን ስትከፍቱ ከተበተነ ጠምቶታል፤ በማለዳ 10 ሊትር ያህል ቀስ አድርጋችሁ አጠጡ፣ ከ3 ቀን በኋላም እንደገና ጨብጣችሁ እዩ። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ዙሪያው ርሶ ሳለ ችግኙ ካደገበት ላስቲክ ጋር የመጣው የአፈር ድቡልቡል ውስጡ ደረቅ ሊሆን ይችላል። ውሃው እሱ ላይም ይውረድ።

አፈሩ እንደ ሊጥ ከተጣበቀና ከሸተተ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሥሩ ታፍኗል። ውሃ በሚቋጥር ጥቁር ጭቃ አፈር፣ በዋልካ መሬት ላይ ይሄ ይበዛል። ቀጭን ሥር መዝዛችሁ በጣታችሁ ሳቡት፦ ጤነኛው ነጣ ያለና ጠንካራ ነው፣ የበሰበሰው ጠቁሮ በቀላሉ ይቆረጣል። ውሃውን አቁሙ፣ የለበሰውን ገለባ ግለጡ፣ ማፋሰሻ ቦይ ቅደዱ። ዋልካ ላይ ስትተክሉ መጀመሪያውኑ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጉብታ ሥሩ።

ቅጠሉ በአንድ ወገን የነደደ፦ የከሰዓት ፀሐይ የጠበሰው ነው። አትቁረጡት! የደረቀውም ቅጠል ለግንዱ ጥላ ነው። ቅርፊቱ ከተጠበሰ ይሰነጠቃል፣ በሽታም ይገባዋል፤ ስለዚህ ነጭ የግድግዳ ቀለም ከእኩል ውሃ ጋር በጥብጣችሁ ግንዱን ቀቡ። የዘይት ቀለም ግን ቅርፊቱን ይጎዳል።

የሁሉም ቅጠል ጫፍ ከደረቀ፦ ብዙ ጊዜ ጨው ነው፣ ከጉድጓድ ውሃ ወይም ከማዳበሪያ የመጣ። ውሃ በሚያሰርግ አፈር ላይ አንድ ጊዜ በደንብ አጠጥታችሁ ጨውን ወደ ታች እጠቡት። ዩሪያም ክረምቱ ገብቶ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ይቆይ።

አፈሩ ለማያፍነው ችግኝ ሁሉ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ገለባ አልብሱ፣ ከግንዱ 15 ሳንቲ ሜትር አርቃችሁ። ምስጥ ባለበት መሬት ገለባውን በየሳምንቱ ገልጣችሁ ተመልከቱ።