ያገለገለ የባሩድ ሚዛን ስታዘጋጁ የምትሠሯቸው ስህተቶች

የባሩድ ሚዛን ጥይት በእጅ ሲሞላ ባሩዱ የሚመዘንበት ባለ ክንድ ሚዛን ነው። ክንዱ ሲወዛወዝ ያዝ ያዝ ካደረገው፣ ብዙ ጀማሪ ወዲያው የሚፈልገው ዘይት ነው። ተዉት! ጤነኛ ሚዛን እንዲህ የሚያበላሽ ስህተት የለም። ክንዱ የተቀመጠው በብረት ስለት ላይ ነው፤ ስለቱ ደግሞ እንደ ቦይ በተሰረጎደ አጌት ድንጋይ ላይ ያርፋል። ይህ ቦታ ደረቅ ሆኖ እንዲሠራ ነው የተዘጋጀው። ዘይት ከነካው አቧራና የባሩድ ብናኝ ይይዛል፣ ውሎ ሲያድር ይረጋል፤ ያንኑ ዕቃ ደጋግማችሁ ብትመዝኑ በየጊዜው ሌላ ቁጥር ታያላችሁ። ድሮ የተቀባ ዘይት ካለ ድንጋዩን አልኮል በነካ ጥጥ፣ ጥጉን በሾለ የእንጨት ስንጥር ጥረጉት። ስለቱንም በአጉሊ መነጽር እዩት። የተሸረፈ ከሆነ ይቀየራል እንጂ በሞረድ አይሳልም፤ ከመሃል ያለው ርቀት በጥቂቱ ከተለወጠ የክንዱ ምልክቶች ሁሉ ዋጋ ያጣሉ።

ሁለተኛው ከባድ ስህተት ዜሮን ማመን ነው። የሚዛኑ እግር ብሎን የሚያስተካክለው መነሻውን ብቻ ነው። ዜሮ ላይ ቀጥ ያለ ሚዛን 30 ግሬይን (ሚዛኑ የሚያነብበት የክብደት መለኪያ) ላይ ሊዋሽ ይችላል። ስለዚህ መፈተሻ ክብደት ግዙ፤ ኤም 1 የሚባለው ደረጃ ይበቃል፣ የ2 ግራሙ ስህተት ከ1.2 ሚሊግራም አይበልጥም። ሳንቲም አይሆንም፤ የጥይት እርሳስም ቢሆን ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። 500 ሚሊግራም 7.7 ግሬይን፣ 1 ግራም 15.4፣ 2 ግራም 30.9፣ 5 ግራም 77.2 ማንበብ አለበት። ክብደቶቹን በወረንጦ አንሱ። እያንዳንዱን አሥር ጊዜ፣ በየመሃሉ ክንዱን ከድንጋዩ እያነሳችሁ መዝኑና ጻፉት።

ከዚያ ስህተቱን አንብቡት። በሁሉም ክብደት ላይ እኩል ከሆነ ዜሮው ነው። ከክብደቱ ጋር እያደገ ከሄደ ተንሸራታቹ፣ ማለትም ክንዱ ላይ የሚንሸራተተው ክብደት፣ የሌላ ሚዛን ነው ወይም አንድ ሰው ሞርዶታል፤ የቀለለ ተንሸራታች ከእውነተኛው አብልጦ ያስነብባል። አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ የሚል ከሆነ ግን ሰበቃ አለ፤ ወደ ስለቱና ወደ ድንጋዩ ተመለሱ። የሚያድገውን ስህተት በእግር ብሎን ለማካካስ አትሞክሩ። አንድ ቁጥር ላይ ይስተካከልና ሌላው ሁሉ ይዛባል። በ4 ግሬይን የሽጉጥ ሙሌት (በአንድ ጥይት ውስጥ በሚገባው ባሩድ) ላይ 0.3 ግሬይን ማለት ከመቶ 7.5 ነው፤ ግፊቱ ደግሞ ከዚያ በላይ ይዘላል።

ትልቁን ተንሸራታች በክንዱ ጥርስ ውስጥ በደንብ ሳያስቀምጡ መመዘን። እንደ ሚዛኑ ዓይነት አንድ ጥርስ 5 ወይም 10 ግሬይን ነው። በትንሽ ቀለህ ይህ ከእጥፍ በላይ ሙሌት ይሆናል፤ መሣሪያ ይፈነዳል፣ እጅም ይሄዳል። ከመጀመራችሁ በፊት በጣት ጫን አድርጉት፤ በሥራው መካከልም ደጋግማችሁ እዩት።

ሳህን መቀየር። ሳህኑ ከክንዱ ጋር ተመጣጥኖ የተሠራ ነው። ብሎኑ እስከ መጨረሻው ዞሮ ዜሮ ካልመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሳህኑ ነው። በአንዳንዶቹ ማንጠልጠያው ሥር የእርሳስ ፍሬዎች አሉ፤ እነሱም ጠፍተው ሊሆን ይችላል።

ማግኔቱን መርሳት። ክንዱን የሚያረጋጋው የመዳብ ቅጠል በማግኔቶች መሃል ይወዛወዛል። ማግኔት መዳብን አይስብም፤ ክንዱ ወደ አንድ ወገን ከተሳበ የብረት ብናኝ ገብቷል፣ ወይም ቅጠሉ ተጣሞ ጎኑን ይነካል። ብናኙ በማጣበቂያ ፕላስተር ይወጣል።

ግሬይንን ከግራም ማምታታት። ስማቸው ይቀራረባል እንጂ 1 ግራም 15.43 ግሬይን ነው። ግሬይን የባሩድ ፍሬ ማለትም አይደለም።

ከላይ ወይም ከጎን ማንበብ። ዓይናችሁ ከጠቋሚው ጋር እኩል ይሁን።

ማራገቢያ አጠገብ አትመዝኑ። የፕላስቲክ ሳህንን በደረቅ ጨርቅ አታሹ፤ ከመታሸቱ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ ንባቡን ያንሸራትታል። ሚዛኑ ከቦታው ከተነሳ ዜሮው እንደገና ይታያል።

የመጨረሻው ስህተት፣ ክብደቱን ፈትሾ ንቃቱን፣ ማለትም ትንሽ ለውጥ መለየቱን፣ አለመፈተሽ። በካሬ ሜትር 80 ግራም ከሆነው ተራ የጽሕፈት ወረቀት 9 በ9 ሚሊሜትር ቁረጡ፤ 6.5 ሚሊግራም፣ ማለትም 0.1 ግሬይን ያህል ይመዝናል። 2 ግራሙ በሳህኑ ላይ እንዳለ ወረቀቱን ጨምሩት። ጠቋሚው በግልጽ መነሳት አለበት። ከጸዳ በኋላም ካልተነሳ ያ ሚዛን ለባሩድ አይሆንም።