ሰርቨሩ ሳይዘጋ ጨዋታውን ለማትረፍ

የኦንላይን ጨዋታ እንደሚዘጋ ሲነገር፣ በቅድሚያ መጣራት ያለበት አዘጋጁ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ቅጂ ማውጣት አለማውጣቱ ነው፤ ምክንያቱም የተጫዋቹ መዝገብ በአብዛኛው የሚቀመጠው በስልኩ ሳይሆን በድርጅቱ ሰርቨር (ጨዋታውን በኢንተርኔት በሚያስተናግደው ኮምፒውተር) ላይ ነው። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 «አኒማል ክሮሲንግ፦ ፖኬት ካምፕ»ን ሲዘጋ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈልበት ምትክ አቅርቧል፤ በዚያው ዓመት ማርች 31 የተዘጋው የዩቢሶፍት «ዘ ክሩ» ግን ለብቻ ለመጫወት እንኳ ሰርቨር ይፈልግ ስለነበር፣ ዲስኩን የገዛውም ባዶ እጁን ቀርቷል።

ምትክ ካለ፣ አገልግሎቱ ሳይቋረጥ ጨዋታውን ከአካውንትዎ ጋር ያገናኙ፤ ምትኩ እንደወጣም ያውርዱት። ጎንደር ላይ ማውረዱን ለመጨረሻው ምሽት ማቆየት አይበጅም፤ ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ 97 በመቶ ላይ መብራት ሄዶብኝ ያውቃል። ከዚያም ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገው ይክፈቱት፤ ኢንተርኔት ከጠየቀዎት ጨዋታው ገና አልተረፈም።